በኅዳጉ ላይ አሥራ አንድ ጭረት

በጀርመን አገር ፈተና የወደቀ ሰው የወደቀበትን መዝገብ ቁጭ ብሎ የማንበብ መብት አለው። ይህን ያወቅሁት ለውጭ አገር ሐኪሞች የሚሰጠውን የቋንቋ ፈተና በወደቅሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ውጤቱን ካረዳኝ ደብዳቤ ጀርባ ላይ ነው። የደረሰኝን ወረቀት ጀርባውን ሳላነብ ፋይል ውስጥ የማስገባት ልማድ የለኝም። ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ጠየቅሁ፤ ተሰጠኝ። በቀኑ አንዲት ጸሐፊ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ ወዳለበት ክፍል አስገባችኝና መዝገቡን ከፊቴ አኑራ፣ ፎቶ ማንሳት እንደማይፈቀድ፣ በእጅ መገልበጥ ግን እንደሚፈቀድ ነገረችኝ። ከዚያም የራሷን ሥራ ይዛ ከማዶዬ ተቀመጠች።

ፈተናው ሦስት ክፍሎች አሉት። በመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ተፈታኙ፣ በሽተኛ መስሎ ከሚቀርብ ሰው የሕመሙን ታሪክ ይቀበላል፤ በሁለተኛው የሰማውን ለባልደረባ ሐኪም በሚላክ ደብዳቤ መልክ ይጽፋል፤ በሦስተኛው ያንኑ በቃል ያስረዳል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በጥሩ ነጥብ አልፌአለሁ። የወደቅሁት በመጀመሪያው ነው፤ ያውም ከሁሉ ይልቅ በምተማመንበት። ደብዳቤው ምክንያቱን የገለጸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ ተፈታኟ በተደጋጋሚ የድንጋጤ ምልክት በማሳየቷ በሽተኛዋ ተረብሻለች።

ዓረፍተ ነገሩን ደጋግሜ አነበብሁት። ከሃያ ዓመት በላይ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ ሠርቻለሁ። በሽተኛ ፊት ደንግጬ አላውቅም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ድንጋጤዬን ያየ በሽተኛ ግን አላውቅም። በተፈጥሮዬም ፊቴ ብዙ አይናገርም። እናቴ «ይህች ልጅ መደሰቷን የምናውቀው በጽሑፍ ስታመለክት ነው» ትል ነበር።

መዝገቡን ገለጥሁ። ከፈታኞቹ አንዱ ንግግራችንን እየተከታተለ በእርሳስ በአጭር በአጭሩ አስፍሮታል። በወረቀቱ ኅዳግ ላይ፣ ከአንዳንድ መስመሮች ትይዩ፣ ትንንሽ ጭረቶች ተሰምረዋል። ቆጠርኋቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። ከመጨረሻዋ ሥር «አሁንም ደነገጠች» ይላል። ጭረቶቹን ከነመስመሮቻቸው ገለበጥሁና ወደምኖርበት ቦናመስ ሰፈር በሚወስደኝ የከተማ ባቡር፣ በኡ-ባን ውስጥ ተቀምጬ አንድ በአንድ አየኋቸው። በመጀመሪያው ጭረት ላይ በሽተኛዋ ሕመሙ የጀመራት ማክሰኞ መሆኑን ትናገራለች። በሁለተኛው ጡረታ የወጣች የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናት። በሦስተኛው ጠዋት ጠዋት የደም ግፊት ክኒን ትወስዳለች። በአራተኛው ልጇ ካስል ከተማ ትኖራለች። የቀሩትም ከዚህ አይለዩም።

ማክሰኞ ምን የሚያስደነግጥ ነገር አለው? በካስልስ ልጅ ያላት እናት ብትኖር? መውረጃዬን በሁለት ፌርማታ አልፌ እስክወርድ ድረስ ጥያቄው ይዞኝ ሄደ።

ነገሩ የእንቆቅልሽ ያህል ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። ነገር ግን በታውኑስ ኮረብታዎች ሥር ያለ የአንድ አነስተኛ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ኃላፊ፣ ለሁለት ሳምንት በተመልካችነት አብሬአቸው ከዋልሁ በኋላ፣ ፈቃዴን እስከ መኸር መግቢያ ካመጣሁ ሊቀጥሩኝ ቃል ገብተው ነበር። ካላመጣሁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ አልጋዎች ሐኪም እየጠበቁ አይቆዩምና ይህን አልቃወምም። እኔ ግን በሁለት ዓመት ፍለጋ ያገኘሁት ቦታ እርሱ ብቻ ነበር። እስከዚያ ድረስ ጊንሃይም ውስጥ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ በረዳት ተንከባካቢነት እሠራ ነበር፤ ሽማግሌዎችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ እመግባለሁ። ክቡር ሥራ ነው። ሆኖም የአንዲት አሮጊት እግር ማታ ማታ ሲያብጥ እያየሁ፣ የልቧን ድምፅ የማዳመጥ መብት አልነበረኝም። ለነርሷ እነግራለሁ፤ ነርሷ ለሐኪሙ ትደውላለች፤ ሐኪሙ ሐሙስ ይመጣል። ከመኸር በፊት ለድጋሚ ፈተና የተያዘው ቀን አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም በበጋው ማብቂያ ላይ። ያን ጊዜ ብወድቅ ታውኑስ ያበቃለታል።

የሐኪምነት ፈቃድ ስጠይቅ ይህ ሦስተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን የሰጠችኝ አገሬ ናት። ወረፋ ጠብቄ፣ ማኅተሙ ደብዘዝ ያለ አንድ ወረቀት ተቀበልሁ፤ ሰጪውም ቀና ሳይል «እንኳን ደስ ያለሽ፤ ቀጣይ!» አለ። ሁለተኛውን የሰጠችኝ ቦትስዋና ናት፤ እዚያ ሦስት ሰዎች በእንግሊዝኛ ጥቂት ጠየቁኝና አንዱ ሻዩን ሳይጨርስ ጉዳዬ አለቀ። ወደዚህ የመጣሁበት ምክንያት የቤተሰብ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። ጀርመን ግን ከሁለቱም አገሮች «በዚህች ሐኪም ላይ ክስ የለም» የሚል የመልካም ጠባይ ማረጋገጫ ጠየቀችኝ፤ ማረጋገጫውም ከሦስት ወር በላይ የቆየ መሆን የለበትም። የአዲስ አበባው ሲደርስ የጋቦሮኔው አልመጣም፤ የጋቦሮኔው ሲመጣ የአዲስ አበባው ጊዜው አልፎበታል። መልካም ጠባይ እንደ ወተት ቀን ተጽፎበት የሚበላሽ ነገር መሆኑን የተማርሁት ያኔ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ፈቃዱን የሚሰጠው አገሩ ሳይሆን ክፍለ ግዛቱ መሆኑ ነው። እኔ የጠየቅሁት በሌላ ሐኪም ተቆጣጣሪነት የሚያሠራውን ጊዜያዊ ፈቃድ ነበርና፣ ቢሰጠኝ የሚያገለግለው ፍራንክፈርት ባለችበት በሄሰን ክፍለ ግዛት ውስጥ ብቻ ነው። ከፍራንክፈርት ኤስ-ባን ይዤ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የራይንን ወንዝ ስሻገር፣ ማይንስ ከተማ ላይ ሐኪምነቴ ያበቃል። ባቡሩ ድልድዩ መካከል ሳለ በሽተኛ ቢያጋጥመኝ በየትኛው ወገን እንደምቆጠር ለማወቅ ሕጉን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ስለ ድልድይ የሚል ነገር የለውም።

በመሰናዶ ትምህርቱ አብሮኝ የነበረ የሶርያ ሐኪም መውደቄን ሲሰማ ፋይሌን አንሥቼ ወደዚያ ማዶ ክፍለ ግዛት እንድሄድ መከረኝ። «እዚያ ፈታኞቹ ለዘብ ያሉ ናቸው ይባላል» አለኝ። ምክሩ በቅንነት የተሰጠ ነበር። ነገር ግን ምንነቱን የማላውቀው ስሕተት ከእኔው ጋር ባቡር ይሳፈራል እንጂ ፍራንክፈርት አይቀርም። ስለዚህ መጀመሪያ ስሕተቱን ማግኘት ነበረብኝ። መስታወት ፊት ተቀምጬ የፈተናውን ጥያቄዎች በሙሉ ጠየቅሁ፤ ቅንድቤን፣ እጄን፣ ትከሻዬን ተመለከትሁ። ምንም አላገኘሁም። ድምፄን ቀድቼም ሰማሁ፤ ከጀርመንኛዬ ዝግታ በቀር የሚያስነውር ነገር የለም።

በመጨረሻ ወረቀቱን ይዤ ኒድ በሚባለው ሰፈር ወደሚኖሩ አንዲት ሴት ዘንድ ሄድሁ። እትዬ ነው የምላቸው። ለትምህርት በመጡበት አብዮቱ ፈንድቶ በዚያው የቀሩ፣ ሠላሳ ዓመት በነርስነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ተዋውቀን፣ የማይገባኝ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲደርሰኝ ወደ እርሳቸው እሄዳለሁ። ምላሳቸው አያርፍም፤ ነገር ግን በሰው ላይ ቂም የለውም።

«አምጪው እስቲ፣ ክሱን ልየው» አሉና መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «ማክሰኞ… ፖስታ ቤት… ካስል? ምነው ልጄ፣ ካስል እኮ ያስተኛል እንጂ አያስደነግጥም!»

«እትዬ፣ እኔ ምኑም አልገባኝም። ይቀልዱብኛል እንዴ?»

«አልቀልድም። በይ እኔ በሽተኛ ነኝ፤ ያን የፕሩፉንግ፣ የፈተና ጥያቄሽን ጠይቂኝ። በጀርመንኛ። እኔም በጀርመንኛ ነው የምታመመው።»

ጠየቅኋቸው። ትከሻቸውን ሰብረው፣ ድምፃቸውን አድክመው፣ ደረታቸውን ይዘው መለሱልኝ፤ ሠላሳ ዓመት ያዩትን በሽተኛ ሁሉ አንድ ላይ አደረጉት። ከሁለተኛው መልሳቸው በኋላ ግን ንግግራቸውን ሳያቋርጡ እርሳስ አንሥተው የጋዜጣ ጠርዝ ላይ ጭረት አሰመሩ። ከአራተኛው በኋላ ደግሞ ሌላ። አምስት ሲሞላ መቀጠል አቃታቸው፤ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ።

«ምን አደረግሁ?» አልሁ።

«ትንፋሽ ትስቢያለሻ!»

«የቱን ትንፋሽ?»

«ይኼውልሽ! አሁን ራሱ አደረግሽው! 'ከማክሰኞ ጀምሮ' ስልሽ…» ብለው አፋቸውን በጥቂቱ ከፍተው፣ አየር በአጭሩ ወደ ጉሮሯቸው ስበው አሳዩኝ። ድምፁ ሙሉ ቃል አይደለም፤ ስለት የነካው ሰው የሚያሰማት ዓይነት አጭር ስቦሽ ናት። ለእኛ ለአበሾች «አዎ፣ እየሰማሁ ነው፣ ቀጥል» ማለት ነው። ለጀርመናዊት ሴት ግን የደረት ሕመሟን ስትነግራት ሐኪሟ አሥራ አንድ ጊዜ በድንጋጤ ትንፋሿን ሳበች ማለት ነው።

አርባ ስምንት ዓመት በራሴ ጉሮሮ ውስጥ የኖረን ነገር ሰው ሲያሳየኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«አይክፋሽ» አሉኝ ሳቃቸውን እየጠረጉ። «እኔ ሥራ ስጀምር የበላይ ነርሴ ምን አደረገችኝ መሰለሽ? ወደ ሳንባ ሐኪም ላከችኝ! ቴርሚኑን ራሷ ያዘችልኝ፣ ደግ ሴት ነበረች። አገላብጠው አይተው፣ ኤክስሬይ አንሥተው፣ 'ወይዘሪት፣ ሳንባዎ የፈረስ ሳንባ ነው' ብለው መለሱኝ። እሷ ግን አላመነችም፤ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በእግሬ ደረጃ አላስወጣችኝም።»

ይህን ስሰማ ጋቦሮኔ ትዝ አለኝ። እዚያ፣ ብርዱ ሲገባ በየዓመቱ የአስም መድኃኒት በቦርሳዬ መያዜን የሚጠይቀኝ ባልደረባ ነበረኝ። ደግነቱ ልዩ መስሎኝ ሁልጊዜ አመሰግነው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ውድቀቱ ማዘኔን ትቼ ስለ ትንፋሹ መመራመር ያዝሁ። ትንሽ ደብተር ገዛሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ሰው ቆሞ ሲጫወት ጥግ ይዤ አዳመጥሁ። የሁሉም ስቦሽ አንድ ዓይነት አይደለም። ለመስማማት የሚሳበው አጭር ነው፤ ለሐዘን ወሬ የሚሳበው ረዘም ብሎ ራስ መነቅነቅ ይከተለዋል፤ ሁለት ተከታታይ ከሆነ ደግሞ «ይኼንስ አውቀዋለሁ፣ ወደ ዋናው ግባ» ማለት ነው። ትግርኛ ተናጋሪዎችም ኦሮምኛ ተናጋሪዎችም ያደርጉታል። እዚህ የተወለዱት ልጆች ግን አያደርጉትም፤ እናታቸው በአማርኛ ስትጠይቃቸው በጀርመንኛ «ያ» ብለው ወደ ውጭ ይተነፍሳሉ። ለሁሉ ነገር ስም የሚያወጣው ቋንቋችን ለዚህ ስም ሳያወጣለት መቅረቱም ገረመኝ። ምናልባት ማንም ከውጭ ሆኖ ሰምቶት ስለማያውቅ ይሆናል።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ የአውሮፕላን ጣቢያ የሥራ ልብስ የለበሰ አንድ ያገራችን ሰው ስልክ ያወራ ነበር። የሚያወራው ሰው ረጅም ነገር ይነግረዋል መሰለኝ፤ እርሱ መስኮቱን እያየ በየመሐሉ ይስባል። ከፊቱ የተቀመጠች ጀርመናዊት በሳበ ቁጥር ከመጽሐፏ ቀና ትላለች። በስድስተኛው ጊዜ ከቦርሳዋ ያልተከፈተ የውኃ ጠርሙስ አውጥታ ዘረጋችለት። ሰውዬው ግራ ተጋብቶ፣ አመስግኖ፣ ጠጣ። ከዚያም ስልኩን እንደ ያዘ «አይ፣ ምንም አይደለም፤ አንዲት ሴትዮ ውኃ ሰጠችኝ። እኔ ምን ዐውቃለሁ! ጠምቶት ይሆናል ብላ ነዋ» አለ። በደብተሬ መዘገብሁት።

ልማዱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ መተው ሌላ ነው። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኒድ እየሄድሁ ከእትዬ ጋር ተለማመድሁ። አፌን ገጥሜ፣ ምላሴን ላንቃዬ ላይ አሳርፌ ማዳመጥ ጀመርሁ። በሦስተኛው እሑድ አንድም ስቦሽ አልወጣኝም። ደስ ብሎኝ የሰማሁትን ታሪክ በጽሑፍ ሳሰፍር ግን ጉድለት አገኘሁ፤ የነገሩኝን አለርጂ አላስታወስሁም። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ የቀዶ ሕክምናው ዓመት ጠፋብኝ። ይህ በእኔ ዘንድ የሚደርስ ነገር አይደለም፤ የሕመምተኛን ታሪክ አንዴ ከሰማሁ ከነቅደም ተከተሉ እይዛለሁ። ጉዳዩን ስመረምረው፣ እያንዳንዱ ስቦሽ ለካ ለእኔ እንደ ቋጠሮ ነበር፤ የሰማሁትን የማስረው በእርሱ ነው። ትንፋሹን ሳፍን የሚነገረኝ ሳይቋጠር ያመልጣል። አእምሮዬ ግማሹ ጉሮሮዬን ሲጠብቅ የሚያዳምጠው ግማሹ ብቻ ነበር።

ይህን ለእትዬ ነገርኋቸው።

«ታዲያ ለምን ትተይዋለሽ?» አሉኝ። «እኔ መች ተውኩት? ጠዋት ክፍል ስገባ ለበሽተኞቼ እነግራቸው ነበር፦ 'ባገሬ ሰው ሲያዳምጥ እንዲህ ያደርጋል፤ ብትሰሙኝ እንዳትደነግጡ።' አለቀ። አንዳንዱማ ሲሰለቸው ራሱ ይስብልኝ ነበር።»

«እኔ ስለ ራሴ ለበሽተኛ አላወራም፣ እትዬ።»

«ስለ ራስሽ ማን አውሪ አለሽ? ስለ ትንፋሽሽ ነው።»

«ያው ነው።»

«ኩራት ነው፣ ልጄ። ዝምታሽን ትሕትና እያልሽ አታቆላምጭው።»

ከተማሪነቴ ጀምሮ የተማርሁት ሐኪም ከበሽተኛው ፊት ራሱን ገለል እንዲያደርግ እንጂ እንዲያስተዋውቅ አልነበረም። ደግሞም ፈተና ነው፤ ከሃያው ደቂቃ አንዱን ስለ ጉሮሮዬ በማብራራት ባጠፋው ማን ይመልስልኛል? አፍኜ ለማለፍ ወሰንሁ፤ የሚያመልጠኝን በጽሑፍ ለመያዝ ደግሞ እጄን ማፍጠን ተለማመድሁ።

የድጋሚው ፈተና ቀን በሽተኛዬ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ዕድሜው ስድሳ ገደማ የሆነ ሰው ነበር። ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ሦስቱ ፈታኞች ግድግዳውን ተደግፈው በተደረደሩ ወንበሮች ላይ ናቸው፤ አንዷ ጠና ያሉ ሴት ሲሆኑ፣ የቀሩት ሁለቱ ወንዶች በዕድሜ ከኔ ያንሳሉ። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ሕመሙ የት እንደሆነና ወዴት እንደሚዞር ጠየቅሁ። አፌ እንደ ተገጠመ ነበር። እስከ ስምንተኛው ደቂቃ ድረስ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የእርሱ ድምፅና የእኔ እስክርቢቶ ብቻ ነበር። ሁሉ ነገር የሚሠራ መሰለኝ።

ከዚያ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ጠየቅሁት። በጣቶቹ እየቆጠረ ነገረኝና እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። የዘረጋቸው ጣቶች ሦስት ናቸው። ወረቀቴ ላይ ያለው መድኃኒት ሁለት ነው።

ሦስተኛውን አልሰማሁትም። ጆሮዬ ክፍት ነበር፤ ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ጉሮሮዬን እየጠበቅሁ ነበር። ወደሚቀጥለው ጥያቄ ልለፍ፣ ሁለት ብዬ ልጻፍ፣ ማንም ላያስተውል ይችላል የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ አልዋሽም፣ መጣ። ወዲያው ደግሞ ጊንሃይም ያለችው አሮጊት እግር ታየኝ፤ አንድ ሰው ሁለት ብሎ ከጻፈ፣ ሐሙስ የሚመጣው ሐኪም የሚያነበው ሁለት ነው።

እስክርቢቶዬን አስቀመጥሁ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልሁት በጀርመንኛ። «ሦስተኛውን መድኃኒት አልሰማሁትም። እንዲደግሙልኝ ከመጠየቄ በፊት አንድ ነገር ላስረዳዎ። እኔ ባደግሁበት አገር ሰው በጥሞና ሲያዳምጥ ትንፋሹን በአጭሩ ወደ ውስጥ ይስባል። እንዳያስደነግጥዎ ብዬ እስካሁን አፍኜው ነበር፤ ሳፍነው ግን በደንብ አልሰማም። ከአሁን በኋላ ከሰሙት፣ ነገርዎ ገብቶኛል ማለት ነው እንጂ ክፉ ነገር አገኘሁ ማለት አይደለም።»

ግድግዳው ጋ አንድ ወንበር ተንቋቋ። ዞር ብዬ አላየሁም።

ሰውዬው ከበሽተኝነቱ ሳይወጣ፣ ሆዱን እንደያዘ ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው ይሳቡ፣ ዶክተር» አለኝ። «ባለቤቴ እኔ ሳወራ ምንም ድምፅ አታሰማም። ሰላሳ ዓመት ትስማኝ አትስማኝ አላውቅም።»

ሦስተኛው መድኃኒት ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ ነበር። ሳብሁ። ከዚያ በፊት ለወገብ ሕመሙ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዛውን ማስታገሻ ነግሮኝ ስለነበር፣ የሁለቱን አብሮ መሆን ይዤ የዓይነ ምድሩን ቀለም ጠየቅሁት። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንደ ሬንጅ ጥቁር መሆኑን ነገረኝ። እንደገና ሳብሁ፤ እውነት ለመናገር ይህችኛዋ ከማዳመጥም ትንሽ ያለፈች ነበረች። የቀረውን ጊዜ እንዴት እንደጨረስሁት አላስታውስም፤ ታሪኩ ግን ከነቅደም ተከተሉ ገባልኝ።

ደብዳቤውን ጻፍሁ። በሦስተኛው ክፍል በሽተኛው ጨጓራው እየደማ ሊሆን እንደሚችልና ዛሬውኑ በመሣሪያ ወደ ጨጓራው ውስጥ መመልከት እንደሚያስፈልግ ለጠናዋ ሐኪም አስረዳሁ። ጥያቄያቸውን ሲጨርሱ ወረቀታቸውን አጠፉና ወደ ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ዞረው «ይህ ከፈተናው ውጭ ነው፤ አይመዝገብ» አሉ። ከዚያም ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «አየሩ የሚሳበው በጉሮሮ ነው ወይስ በደረት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«በጉሮሮ ነው» አልኋቸው። «ድያፍራሙ እምብዛም አይንቀሳቀስም።»

ሞከሩት። ሳል አነቃቸውና ውኃ ጠጡ። «ሃያ ዓመት ልምምድ ሳያስፈልገው አይቀርም» አሉ።

ኮሪደሩ ላይ አስጠበቁኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ይሆናል። ግድግዳው ላይ የነበረውን የእሳት አደጋ መውጫ መመሪያ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከዚያ በሩ ተከፍቶ ከወጣቶቹ ፈታኞች አንዱ ማለፌን ነገረኝ። ለበሽተኛው በቀጥታ በማስረዳቴ ነጥብ እንደተሰጠኝም ጨመረ፤ ጥያቄዬን ግን ትንሽ ላፋጥን ይገባኛል። አመስግኜ ወጣሁና በመንገዱ ማዶ ካለ የአውቶቡስ መጠለያ ታውኑስ ደወልሁ። የኃላፊው ጸሐፊ ቦታው እንዳልተሰጠ፣ ነገር ግን ሌላ ሰው ዓርብ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቶ እንደነበር ነገረችኝ። «ለሌላው ሐኪም እንዳይመጡ እነግራቸዋለሁ» አለች። ቀጥላ የጋዋን ቁጥሬን ጠየቀችኝ። ለዚያ ዓርብ ቀጠሮ ለተሰረዘበት ለማላውቀው ሐኪም አዘንሁ፤ ቁጥሬን ግን ነገርኋት።

ፈቃዱ በአምስተኛው ሳምንት ደረሰኝ። በሁለቱም ገጽ አንብቤ ኒድ ይዤው ሄድሁ። እትዬ በመነጽራቸው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይኸ ታዲያ የት የት ነው የሚያሠራሽ?»

«ሄሰን ውስጥ ብቻ ነው። ያውም እዚያው ሆስፒታል፣ በተቆጣጣሪ ሥር። ሙሉው ፈቃድ ሌላ ፈተና አለው፤ እርሱ ሲሰጠኝ በአሥራ ስድስቱም ክፍለ ግዛት መሥራት እችላለሁ።»

«ሄሰን ይበቃናል። የኔ ጉልበትም ከሄሰን ወጥቶ አያውቅም።» ወንበራቸውን ወደ እኔ ጎተቱና ቀሚሳቸውን ከጉልበታቸው ከፍ አደረጉ። «ይኸው ስንት ወሩ ነው፣ ደረጃ ስወርድ ይከዳኛል።»

«እትዬ፣ እኔኮ ከሆስፒታሉ ውጭ ማከም አይፈቀድልኝም። እዚህ ላይ ተጽፏል፣ ሁለተኛው አንቀጽ…»

«አክሚኝ ማን አለሽ? ስሚኝ ነው ያልኩሽ።»

ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። ደብተሬን አወጣሁና አዲስ ገጽ ገለጥሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኋቸው።